በሁለት ተኩስ መካከል፦ በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃና የኢትዮጵያ የጦር ታሪክ

(ቡልጋሪያ አካባቢ በሚገኝ አዳራሽ ለተማሪዎችና ለመምህራን የቀረበ የሕዝብ ንግግር፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተገለበጠ)



የኢትዮጵያን የጦር ታሪክ የሚያጠና ሰው የጠመንጃ ቁጥር አይቸግረውም። በ1541 ምጽዋ የወረዱት የክሪስቶቫው ዳ ጋማ ተከታዮች 400 ነበሩ ይባላል። በተከታዩ ዓመት ለኢማም አሕመድ ከየመን የተላኩለት ነፍጠኞች እስከ 900 ይደርሱ ነበር። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1868 ከመቅደላ ሲመለስ ለደጃዝማች ካሳ ምርጫ ያስረከበው 12 መድፍና ወደ 850 የሚጠጋ ጠመንጃ ነው። ዓመቶቹን በኤውሮፓ አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የእኛን ስጠቅስ ለይቼ እናገራለሁ። እነዚህን ቁጥሮች ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ፣ ከመመረቂያ ጽሑፍ ወደ መመረቂያ ጽሑፍ ስናሸጋግራቸው ኖረናል። ቁጥር ዋጋ የለውም አልልም። ነገር ግን አንድ ጠመንጃ አንዴ ከተተኮሰ በኋላ ዳግመኛ እስኪተኮስ ምን ያህል ጊዜ ይወስድ እንደ ነበር፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ተኳሹ እጁ ምን ይሠራ እንደ ነበር፣ ማንስ ይጠብቀው እንደ ነበር የሚጠይቅ ጽሑፍ ብዙ አላየሁም።

የዛሬው ንግግሬ የሚያነሣው ይህንን ጥያቄ ነው። ከአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ አንሥቶ እስከ 1870ዎቹ ድረስ በሀገራችን የነበሩት ጠመንጃዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም ባሩዳቸውንና አረራቸውን በአፈሙዝ በኩል የሚቀበሉ ነበሩ። የዚያን ዘመን ድልና ሽንፈት ለመረዳት ከጠመንጃው ብዛት ይልቅ በሁለት ተኩስ መካከል ያለው ጊዜ እንዴት እንደ ተያዘ መመርመር ይበልጥ ይጠቅመናል ብዬ አምናለሁ።

ከቃላት ልጀምር። አማርኛ ጠመንጃ መሙላትን የሚጠራበት ቃል ሁላችንም በማዕድ ዙሪያ የምንጠቀምበት ነው፤ ተኳሽ ጠመንጃውን «ያጎርሳል»። ዛሬ ጥይት ከኋላ ስለሚገባ ቃሉ ዘይቤ ብቻ ሊመስለን ይችላል። ቃሉ በተለመደበት ዘመን ግን ነገሩ እንዳለ ነበር፤ መሣሪያው አፍ አለው፣ አፈሙዝ ይባላል፣ የሚበላውም በዚያው በሚተፋበት አፍ በኩል ነው። ይህ አንድ ነገር ብዙ ያስረዳል። የሚያጎርሰው ሰው እጁንና ፊቱን ወደ አፈሙዙ ማቅረብ ግድ ይሆንበታል። ውስጡ የተረፈ ፍም ቢኖር መጀመሪያ የሚያገኘው እጁን ነው።

«ነፍጥ» የሚለው ቃል ከዓረብኛው «ናፍጥ» የመጣ ሲሆን መነሻው ተቀጣጣይ ዘይትን ያመለክት ነበር፤ በግብፅ በማምሉኮች ዘመን ወደ ባሩድና በባሩድ ወደሚተኮስ መሣሪያ ተሻገረ። ወደ እኛ ሲደርስ የመሣሪያው ስም ሆነ። «ነፍጠኛ» የሚለው ቃል በኋለኛው ዘመን ሌላ ሸክም ተሸክሟል፤ እኔ በዚህ ንግግር የምጠቀምበት በጥንቱ የሥራ ፍቺው፣ ነፍጥ ያዥ በሚለው ብቻ ነው። «ባሩድ» በዓረብም በቱርክም ባሩድ ነው። የነፍጠኞች አለቃ «ቱርክ ባሻ» ይባል ነበር፤ ማዕረጉ ራሱ ሙያው ከየት በኩል እንደ መጣ ይናገራል። ጠመንጃን አባቶቻችን «ጠብመንጃ» ብለው ሲጽፉት ደግሞ የባዕዱን ቃል «ጠብ» ከሚለው ከራሳቸው ቃል ጋር አዋደዱት። በዚህ አንደነቅ። ከዚህ አዳራሽ ብዙም ሳንርቅ ካዛንቺስ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በወረራው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሠራው የጣልያን ተቋም ምሕጻረ ቃል መሆኑን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አፋችን የመጣለትን ሁሉ እያላመጠ የራሱ ያደርጋል።

አሁን አንድ ነፍጠኛ አቁመን እንመልከት። ዘመኑ አሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን፣ ሀገሩ ደጋ፣ መሣሪያው በእሳት ክር የሚተኮስ ነፍጥ ነው እንበል። ክሩ ቀስ ብሎ እንዲጤስ ተደርጎ የተዘጋጀ ፈትል ነው፤ ጫፉ ላይ ፍም አለ፣ ውጊያ በቀረበ ጊዜ ሁሉ መጥፋት የለበትም። እንግዲህ ይህ ሰው በአንድ በኩል ባሩድ፣ በሌላ በኩል ፍም ይዞ የሚሄድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ጥንቃቄ ከዚህ ይነሣል፤ ባሩዱን ከመንካቱ በፊት ክሩን ከመሣሪያው ነቅሎ፣ ከባሩዱ አርቆ በሌላው እጁ ይይዛል። ቀጥሎ ለአንድ ተኩስ የሚበቃውን ባሩድ ለክቶ በአፈሙዙ ያፈሳል። ልብ በሉ፣ ለክቶ ነው። ከትልቁ የባሩድ ቀንድ በቀጥታ ማፍሰስ አደገኛ ነው፤ ከቀደመው ተኩስ የቀረ ፍም በጉድጓዱ ውስጥ ቢኖር የሚቀጣጠለው የአንድ ተኩስ ባሩድ ሳይሆን በእጁ ያለው ቀንድ በሙሉ ይሆናል። ኤውሮፓውያን ወታደሮች ለዚህ ሲሉ አስቀድሞ የተለካ ባሩድ የያዙ ትንንሽ የእንጨት ቀፎዎችን በትከሻ ቀበቶ ላይ ደርድረው ያንጠለጥሉ ነበር። በእኛ ሀገር ይህን አገልግሎት የወረሰው ዝናር ነው፤ ቃሉ በግእዝ መታጠቂያ ማለት ነው፣ የካህን መታጠቂያም በዚሁ ስም ይጠራል።

ባሩዱ ከገባ በኋላ አረሩ ይከተላል፤ ጨርቅ ወይም ሌላ መወተፊያ አብሮ ይገባል። ከዚያ በረጅሙ ዘንግ እስከ ታች ድረስ መጠቅጠቅ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው አደጋ አለ። አረሩ ከባሩዱ ጋር ሳይገናኝ መሐል መንገድ ላይ ከቀረ፣ በባሩዱና በአረሩ መካከል በተፈጠረው ክፍተት ምክንያት የጠመንጃው ቧንቧ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ዘንጉ መጠቅጠቂያ ብቻ ሳይሆን መለኪያም ነው። ወደ ውስጥ ምን ያህል እንደ ገባ ያየ ሰው ጠመንጃው ባዶ መሆኑን፣ በትክክል መጉረሱን፣ ወይም ሁለት ጊዜ መጉረሱን ያውቃል። ይህን ነጥብ በአእምሯችሁ ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ነፍጠኛው በቧንቧው ጎን ባለችው ጎድጓዳ ማኖሪያ ላይ ደቃቅ ባሩድ ይነሰንሳል፣ ክዳኗን ይገጥማል፣ የፈሰሰውን ትርፍራፊ እፍ ብሎ ያጠራል። ክሩን ወደ ቦታው ይመልሳል፣ ፍሙን እፍ ብሎ ያነቃል። ጠመንጃውን በዘንግ ላይ ያስደግፋል፣ ክዳኑን ይከፍታል፣ ያነጣጥራል፣ ይስባል። በ1607 የሆላንዱ ሠዓሊ ያኮብ ደ ኼይን ለወታደሮች ማስተማሪያ ያሳተመው መጽሐፍ ይህንን ሥራ ብቻ ከ40 በላይ በሆኑ ሥዕሎች ከፋፍሎ ያሳያል። በሠለጠነ እጅ ሁሉም አንድ ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ የመጡት በባልጩት ብልጭታ ወይም በመዳብ ቆብ የሚተኮሱት ጠመንጃዎች ክሩን አስቀርተው ሥራውን ቢያሳጥሩትም፣ ጥሩ ተኳሽ በደቂቃ ከሁለት ወይም ከሦስት ጊዜ በላይ አይተኩስባቸውም ነበር።

ይህ ሁሉ በደረቅ ቀን ነው። ባሩድ ከከሰል፣ ከድኝና የባሩድ ጨው ከሚባለው ማዕድን ይቀመማል፤ እርጥበት ይስባል፣ የረጠበ ባሩድ ደግሞ ወይ አይነሣም ወይ በግማሽ ልብ ይነሣል። በደጋው ክረምት ዝናቡ ብቻ ሳይሆን ጉሙና ጤዛውም ጠላት ነው። የጥንት ዘመቻዎች ከበጋው ጋር የተያያዙበት ምክንያት ብዙ ነው፤ የወንዝ ሙላት አለ፣ የእርሻ ጊዜ አለ፣ የከብት መኖ አለ። የባሩዱን ድርቀትም ከእነዚህ ጋር መቁጠር ይገባል ባይ ነኝ። ከዳ ጋማ ሽንፈት በኋላ የተረፉት ፖርቱጋሎች ዳግመኛ የታጠቁት ደብረ ዳሞ አምባ ላይ አስቀምጠውት ከነበረው መሣሪያ ነው። አምባው በገመድ እንጂ በእግር የማይወጣ መሆኑ ለጥበቃው በቂ ምክንያት ነው፤ ከፍ ያለና ደረቅ መሆኑም ለጠመንጃ አይጎዳም።

ነፍጡ ምን ያህል እንደ ምሥጢር ይታይ እንደ ነበር ለማየት ጄምስ ብሩስ ስለ ጎንደር የጻፈውን አንድ ታሪክ ላንሣ። ብሩስ ስለ ራሱ ሲናገር ትሕትና የሚያበዛ ሰው አይደለም፤ ይህን እያሰብን እናንብበው። በ1770 ገደማ የራስ ሚካኤል ስሑል ዘመድ ከሆነው ገብረ መስቀል ጋር በተኩስ ችሎታ ይከራከርና፣ የሰም አይደለም የሞራ ሻማ ቁራጭ በእኔ ጠመንጃ ያንተ አረር ከሚሠራው የበለጠ ይሠራል ብሎ ይፎክራል። በንጉሡ በዐፄ ተክለ ሃይማኖት ፊት ይህንኑ እንዲያሳይ ሲጠየቅ ሻማውን ለሁለት ከፍሎ፣ አንዱን ግማሽ ከተለመደው ባሩድ ጋር አጉርሶ ሦስት ጋሻ ደራርቦ በሳበት። ሁለተኛውን ግማሽ በሾላ ጣውላ ውስጥ አሳለፈው። ተመልካቹ አስማት ነው አለ ይለናል። አስማት አልነበረም። ለስላሳ ነገር ቢሆንም በትክክል ተጠቅጥቆ፣ ደረቅና የተለካ ባሩድ ከኋላው ከገፋው ከፍጥነቱ የተነሣ ጋሻ ይበሳል። ለእኔ የታሪኩ ፍሬ ሌላ ነው። ገብረ መስቀል የነፍጠኞች አለቃ ነበር፣ ነፍጥ አያውቅም ማለት አይቻልም። የተሸነፈው በአጎራረስ ነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት መሣሪያ በእጃቸው ነበር፤ የሚለያያቸው የባሩዱ ጥራት፣ ልኩና አጠቃጠቁ ነበር።

የትግራይ ገዥዎች ከምጽዋ በኩል ወደሚመጣው ጠመንጃ ቅርብ ስለ ነበሩ በጠመንጃ ቁጥር ከሌላው ይበልጡ ነበር። ቁጥሩ ብቻ ቢበቃ ኖሮ የዘመነ መሳፍንት ታሪክ በእነሱ የበላይነት ይጠናቀቅ ነበር። አልሆነም። በየካቲት 1831 ደጃዝማች ሰባጋዲስ ከየጁው ራስ ማርዬ ጋር ደብረ ዓባይ ላይ ገጠሙ። ጠመንጃው በብዛት በሰባጋዲስ እጅ ነበር፤ በማርዬ በኩል ደግሞ ጠንካራ ፈረሰኛ ነበር። ማርዬ በውጊያው ሞቱ፤ ድሉ ግን የየጁ ሆነ፣ ሰባጋዲስም ተይዘው ተገደሉ።

እስቲ እናስላው። የዚያ ዘመን ጠመንጃ ሰውን አነጣጥሮ የሚመታው ከ100 ሜትር ባልበለጠ ርቀት ነው። የሚጋልብ ፈረስ 100 ሜትርን በ10 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል። ነፍጠኛው አንዴ ተኩሶ ቢስት ወይም ቢመታም እንኳ ከኋላ የሚመጣ ሌላ ፈረሰኛ ካለ፣ ለሁለተኛው ጉርሻ የሚያስፈልገው ጊዜ ፈረሱ ከሚደርስበት ጊዜ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ በሜዳ ላይ የቆመ ነፍጠኛ ያለው አንድ ተኩስ ብቻ ነው። ያ ተኩስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ከለቀቁት ከዚያ በኋላ በሜዳው ላይ የቀሩት ዘንግ የያዙ ሰዎች ናቸው። ሆላንዶች በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ለዚህ ችግር ያገኙት መፍትሔ ተኳሾችን በረድፍ ማሰለፍ ነበር፤ የፊተኛው ረድፍ ተኩሶ ወደ ኋላ ሲዞር ቀጣዩ ይተካዋል፣ ጦር ያዦችም ከጎን ይከልሉታል። ይህ ደግሞ የዕለት ተዕለት ልምምድ፣ ቋሚ ደመወዝና ቋሚ ሠራዊት ይጠይቃል። በርስትና በጉልት የሚተዳደር ዘማች ለዚህ ጊዜም ሥርዐትም አልነበረውም።

በእኛ ዘንድ የነበረው መፍትሔ ሌላ ነው፤ ኋላ ቀርነት ብለን ከመፍረዳችን በፊት ልንረዳው ይገባል። ነፍጠኛው በተቻለው መጠን ሜዳ ላይ አይቆምም፤ ከድንጋይ፣ ከካብ፣ ከገደል ጠርዝ ይተኩሳል። ፈረስ የማይደርስበት ቦታ ሁለተኛ ጉርሻ ይፈቅዳል። ሜዳ ላይ ከሆነም አንዴ ተኩሶ ጎራዴውን ይመዝዛል፤ ጎራዴ መጉረስ አያሻውም። ባለጸጋው መኳንንት ደግሞ ጋሻ ጃግሬ አለው፤ ጋሻውንና ጠመንጃውን የሚሸከምለት፣ ከአጠገቡ የማይለይ ልጅ። እነዚህ ልጆች በዜና መዋዕሎቻችን ስማቸው አይነሣም። በሁለት ተኩስ መካከል ያለውን ጊዜ በአካላቸው የሸፈኑት ግን እነሱ ናቸው።

ይህን ጊዜ ከሁሉ በላይ የተረዳ ንጉሥ ዐፄ ቴዎድሮስ ይመስለኛል። ገና ደጃዝማች ካሳ እያሉ በ1848 ደባርቂ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ተሸነፉ። የገጠማቸው ምሽግ የያዘ፣ በሥርዐት ተራ ጠብቆ የሚተኩስና መድፍ ያለው ጦር ነበር። ጀግንነት ከኋላቸው አልጎደለም፤ ፊት ለፊት የነበረው ግን ተኩሱ የማይቋረጥ መሥመር ነበር። ከዚያ በኋላ ስለ ሥርዐት፣ ስለ ደመወዝተኛ ወታደርና ስለ መድፍ ያደረጉት ጥረት ሁሉ ከዚያ ቀን ጋር የተያያዘ ነው የሚለውን አስተያየት እቀበላለሁ።

በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አውሮፓውያን የእጅ ሙያተኞችን ሰብስበው መድፍ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚመዝን በአፉ የሚጎርስ ትልቅ መድፍ ነው፤ ከጥቅምት 1867 አንሥቶ እስከ መጋቢት 1868 ድረስ መንገድ እየቆረጡ በሰው ጉልበት ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ጎተቱት። ቅጂው ቴዎድሮስ አደባባይ ቆሟል፤ በቸርችል ጎዳና ስታልፉ ወርዳችሁ አፈሙዙን እዩት። ከዚያ በኋላ ግን ይህን ጥያቄ ጠይቁ፤ ይህን አፍ ማን፣ በምን ያህል ባሩድ፣ በስንት ጊዜ አንዴ ያጎርሰዋል? መቅለጡን እናውቃለን፣ መጎተቱን እናውቃለን። የተኩስ ልምምዱ ግን ከመቅለጡ ጋር እኩል አልሄደም።

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ በኤውሮፓ አቆጣጠር ሚያዝያ 10 ቀን 1868፣ የስቅለት ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። በመቅደላ ሥር አሮጌ በሚባለው ሜዳ ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን ይዞ ወደ እንግሊዞች ወረደ። ከላይ ከፋላ ኮረብታ መድፎቹ ተኮሱ። በንጉሡ ስም የተሰየመው ትልቁ መድፍ በመጀመሪያው ተኩስ ፈነዳ፤ የተዘገበው ምክንያት ከመጠን በላይ ባሩድ መጉረሱ ነው። የሌሎቹ መድፎች አረር አብዛኛው በእንግሊዞች አናት ላይ አለፈ።

እዚህ ላይ አንዳንድ ጸሐፊዎች ፈገግ ይላሉ፤ ፈገግታው ግን መሠረት የለውም። ከአምስት ዓመት በፊት በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት፣ ጌቲስበርግ ላይ፣ ከውጊያው በኋላ ከሜዳው ከተሰበሰቡት 27,574 ጠመንጃዎች ውስጥ 24,000 ያህሉ የጎረሱ ሆነው ተገኙ። ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ ሁለት ጊዜ፣ ሩብ ያህሉ ከሦስት እስከ አሥር ጊዜ ደራርበው የጎረሱ ነበሩ። አንዱ ጠመንጃ ውስጥ 23 ጉርሻ ተገኝቷል። እነዚያ በመምህር የሠለጠኑ፣ መጽሐፍ ያላቸው ወታደሮች ነበሩ። በጢስና በጩኸት መካከል ያለ ሰው ጠመንጃው አለመተኮሱን አይሰማም፤ ጎረቤቱ ሲተኩስ የራሱ የተተኮሰ ይመስለዋል፣ ደግሞም ያጎርሳል። ስሕተቱ ከመሣሪያው ጠባይ ይመጣል። በአፉ የሚጎርስ መሣሪያ ውስጡ ምን እንዳለ ለተኳሹ አያሳይም፤ ዘንጉን ካልጠየቁት በቀር።

ወደ አሮጌ እንመለስ። የገብርዬ ጦር ይዞት የነበረው ባለ ሁለት አፈሙዝና ባለ አንድ አፈሙዝ ጠመንጃ ነበር፤ ሁሉም በአፍ የሚጎርስ ነው። ባለ ሁለት አፈሙዙ ራሱ ስለ ጊዜው የተሰጠ መልስ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተኩሶ አንዴ ማጉረስ። ከፊቱ ግን የእንግሊዝ እግረኛ ስናድር ይዞ ቆሟል። ስናድር ከኋላ የሚጎርስ ነው፤ ባሩድ፣ አረርና መለኮሻ በአንድ ቀለህ ውስጥ ታሽገው ይገባሉ። ዘንግ የለም፣ መለካት የለም፣ መቆም የለም፤ ተኝቶም ይጎረሳል። የለመደ ወታደር በደቂቃ እስከ 10 ጊዜ ይተኩስበታል። በዚያ ላይ ነጎድጓድና ዝናብ ነበር። የታሸገ ቀለህ ዝናብ አይፈራም፤ በአፈሙዝ የሚፈስ ባሩድ ግን በዝናብ ውስጥ ነው የሚፈሰው።

በዚያ ከሰዓት በኋላ ወደ 700 የሚሆኑ ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ ከእነሱ አንዱ ገብርዬ ነበር። በእንግሊዝ በኩል 20 ሰው ቆሰለ፣ ከቆሰሉት ሁለቱ በኋላ ሞቱ። ይህን ልዩነት በጀግንነት ማብራራት አይቻልም፤ የገብርዬ ሰዎች ደጋግመው ወደ ፊት እንደ ወጡ ጠላቶቻቸው ራሳቸው መስክረዋል። በጠመንጃ ብዛት ብቻም አይብራራም፤ ጠመንጃ ነበራቸው። በደቂቃ ሁለትና በደቂቃ አሥር መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ነው የሞቱት። አንድ ነገር ልጨምር። በዚያው በናፒየር ጦር ውስጥ የነበሩት የሕንድ ወታደሮች ስናድር አልተሰጣቸውም፤ እንግሊዝ ከ1857ቱ የሕንድ ዓመፅ ወዲህ የተሻለውን መሣሪያ ለሕንዶች አትሰጥም ነበር። ስለዚህ የፑንጃብ ወታደሮች ከኢትዮጵያውያን ጋር እንደ እኩያ፣ በአፉ በሚጎርስ ጠመንጃና በሳንጃ ሸለቆ ውስጥ ተያያዙ። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት ጊዜ ነበር ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ሚያዝያ 6፣ ሞቱ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በፍጥነት ልለፈው፤ በሚገባ የተጻፈ ነው። ካሳ ምርጫ የናፒየርን መሣሪያ ተቀብለው አልተቀመጡም፤ ከዘመቻው የቀረውን ኪርካም የተባለ እንግሊዛዊ ይዘው ወታደሮቻቸውን አሠለጠኑ። በሐምሌ 1871 አድዋ አጠገብ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ሲገጥሙ ሠራዊታቸው 12,000 ያህል፣ የተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ 60,000 ያህል ነበር ይባላል፤ ድሉ ግን የካሳ ሆነ። ብዙዎች ይህን የ850ው ጠመንጃ ድል ይሉታል። እኔ የሥልጠናውን ድርሻ አስቀድማለሁ። በ1875 ጉንደትና በ1876 ጉራ ላይ ከግብፅ ጦር ከኋላ የሚጎርሰው ሬሚንግተን በብዛት ተማረከ። ከዚያ በኋላ ስናድር፣ ውጅግራ፣ ምንሽር እያልን በአፋችን ያላመጥናቸው ስሞች መጡ፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሁለቱም ወገን ከኋላ በሚጎርስ ጠመንጃ ተዋጋ። ከአሮጌ እስከ አድዋ 28 ዓመት ብቻ ነው። ለአንድ ሀገር ሠራዊት የሦስት ክፍለ ዘመን የእጅ ልማድን በ28 ዓመት መለወጥ ትልቅ ሥራ ነው፤ በራሱ ሊጠና የሚገባው ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎች አንድ የሥራ ጉዳይ አለኝ፤ ቀላል ነገር አይደለምና ልብ በሉት። ብዙዎቻችሁ በመስክ ጥናት ወደ ገጠር ትወጣላችሁ። በአንዳንድ ቤት ግድግዳ ላይ፣ በአንዳንድ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት፣ በትንንሽ ሙዚየሞች የተሰቀሉ አሮጌ ጠመንጃዎች ታገኛላችሁ። የቤቱ ባለቤት በደስታ አውርዶ ያስይዛችኋል፣ ፎቶ ያስነሣችኋል። በአፉ የሚጎርስ ጠመንጃ ዕድሜው ስለ ረዘመ ብቻ ባዶ ነው ብላችሁ አትመኑ። ባሩድ ደረቅ ሆኖ ከተቀመጠ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊነሣ ይችላል፤ የጎረሰ ጠመንጃ በሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ሳይታወቅ ለትውልድ መቀመጡ በዓለም ላይ ደጋግሞ የታየ ነገር ነው። አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ፣ ወደ ውስጡም ለማየት ፊታችሁን አታስጠጉ፤ ቃታውን «ይሠራ እንደሆነ» ብላችሁ አትሳቡ። ማጣራት ካስፈለገ የጥንቱ ነፍጠኛ የሚያደርገውን ማድረግ ይቻላል፤ ቀጭን የእንጨት ዘንግ ከጎን ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ እስኪቆም አስገቡ፣ አፈሙዙ ላይ ምልክት አድርጉበት፣ አውጥታችሁ ከቧንቧው በውጭ በኩል አስተያዩት። ዘንጉ እስከ መለኮሻው ቀዳዳ ካልደረሰ ውስጡ አንድ ነገር አለ። ያን ጊዜ በራሳችሁ ለማውጣት አትሞክሩ፤ ወደ ቦታው መልሱት፣ ለባለቤቱ ንገሩት፣ ባለሙያ እስኪያየው ይቆይ። ከዚያ በማስታወሻችሁ ላይ ጻፉት፤ የት እንደ ተገኘ፣ ዘንጉ ስንት ጣት እንዳጠረ፣ ባለቤቱ ማን ያጎረሰው ነው እንደሚል። አንድ የጎረሰ ጠመንጃ ተኳሹ ሁለተኛውን ተኩስ ያላገኘበት ቀን ሊሆን ይችላል፤ ያን ቀን የሚያስታውስ የቤተሰብ ሽማግሌ ካለ ጠይቁት።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ፤ ከኋላ ወንበር ካሉት እንጀምር።